የበሩ ስፒከርና የአባባ እጅ

ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ሌሎቹ ልጆች ገጠር ወዳለ ዘመድ ይላካሉ፤ እኔ ደግሞ ወደ አባቴ ሚኒባስ እላካለሁ። እማዬ «አንቺ እቤት ስትውዪ ቤቱን ትገለብጪዋለሽ፤ ሂጂ አባትሽ ይቻልሽ» ትለኝና ጠዋት ቁርሴን አብልታ ሐይቅ መናኸሪያ ድረስ ትሸኘኛለች። ቦታዬ የታወቀ ነበር፤ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ሞተሩ ላይ በተነጠፈችው ትራስ። ከታች ሞተሩ ያሞቀኛል፤ ከኋላ የእርጥብ ጋቢ፣ የሽንኩርት ኬሻና የነዳጅ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል። ያ ሽታ ዛሬም ባጋጠመኝ ቁጥር ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ በረጅሙ እስበዋለሁ።

አባዬ ከሐይቅ ውጫሌ ነበር የሚሠራው። ከሐይቅ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን፣ የአምባሰል ተራራ ከፊት መታየት ሲጀምር፣ ከአስፋልቱ በስተግራ የአያቴ የሸህ ይማም ቤት አለ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው። ጠዋት በመጀመሪያው ጉዞ አባባ ከቤታቸው ወጥተው ከመንገዱ ጠርዝ፣ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ አፍ ላይ ቆመው ይጠብቁናል። አባዬ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ያቆማል፣ ቴፑን ይዘጋል፣ መስኮቱን እስከ ታች ያወርዳል። አባባ ቀኝ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው ልጃቸው ራስ ላይ ያሳርፉና ዱዓቸውን ያወርዱታል፤ «አላህ ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህ ይከተል፣ ያሳፈርከውን ሁሉ ለቤቱ ያብቃልህ።» በየመሃሉ መኪናው ሙሉ ሰው «አሚን!» ይላል። እስላሙም ይላል፣ ክርስቲያኑም ይላል። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር የማይጠፉት የአትክልት ነጋዴዋ እትዬ ጥሩዬ ማተባቸውን ይዘው ከሁሉ በላይ ነበር የሚጮሁት። ሲያበቃ የአባባ እጅ አባዬን አልፎ እኔ ጋ ይደርስና ፀጉሬን ዳሰስ አድርጎ ይመለሳል። ነገሩ ሁሉ የአንድ ዘፈን እኩሌታ እንኳ አይፈጅም ነበር።

መኪናችን አሮጌ ብትሆንም አባዬ ስለሚወለውላት ላያት ሰው አዲስ ትመስላለች። ነውሯ አንድ ነው፤ ድምፅዋ። ቴፑ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ነው፤ ስፒከሮቹም እንደዚያው፣ በሁለቱ የፊት በሮች ውስጥ የተደበቁ፣ ከሻይ ማስቀመጫ ሰሃን የማይበልጡ ነገሮች ናቸው። ወረቀታቸው ከእርጅና ብዛት ተሰነጣጥቆ ወንዱም ሴቷም ዘፋኝ በአንድ ዓይነት የታፈነ ድምፅ ነው የሚዘፍኑት። ዓርብ መንዙማ ሲከፈት ድቤው እንደ ጣሳ ይንኳኳል፤ እሑድ መዝሙር ሲከፈት መሰንቆው ያስነጥሳል። እትዬ ጥሩዬ «ሰይድ፣ ይህ ቴፕህ ጉንፋን ይዞታል፤ በሞቴ ዳማከሴ ጨምቀህ አጠጣው» ሲሉ መኪናው በሳቅ ይሞላል። አባዬም አብሮ ይስቃል፤ ግን ጆሮው ሲቀላ እኔ ከጎኑ ሆኜ አየዋለሁ።

ሳቁ እያደር መረረው። ምክንያቱ ጌታቸው ነው። ጌታቸው በዚያው መስመር የሚሠራ ሌላ ሾፌር ሲሆን፣ ደሴ ሄዶ ትልልቅ ስፒከር አስገጥሞ መጣ። መኪናው ገና ሳይታይ ድም ድም ማለቱ ይሰማል። ወጣቱ ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ፤ እኛ ጋ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሽንኩርት የጫኑ ነጋዴዎች ናቸው። አባዬ እቤት ገብቶ የስፒከር ነገር ሲያነሳ እማዬ ከጓዳ ሆና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች!» አለችው። እኔ ግን በአባዬ ወገን ነበርኩ። ጓደኞቼ የጌታቸው መኪና ሲያልፍ ይጨፍራሉ፤ የእኛ ሲያልፍ ያስላሉ። እንዲህ ያለ ውርደት ለልጅ ቀላል አይደለም።

ስፒከሮቹ ከደሴ በካርቶን መጡ። ገጣሚው የአባዬ አብሮ አደግ ሞላ ነበር፤ ሱቁ ከሐይቅ ዋና መንገድ ዳር ያለ የመኪና ኤሌክትሪሽያን። ሞላ ካርቶኑን ሲከፍት ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ፊት ለፊቱ የእንጀራ መሶብ ክዳን ያህል ጌጠኛ፣ ጀርባው ላይ ያለው ማግኔት ደግሞ ከባድ ድንጋይ ነው። «አሁን ይህን ጉድ የት ልታስገቡት ነው?» አለች ልታየን የመጣችው እማዬ። ሞላ «አብሽሪ፣ በሩ ሆድ አለው» አላትና የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታ። ስፋቱን በድስት ክዳን ለክቶ በእርሳስ አከበበ፣ ቆርቆሮውን በመሮ እየቀረጠፈ ቀዳዳውን አሰፋ፣ ስፒከሩን እየገፋ አስገባው፤ የቀኙንም በር እንዲሁ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ያለቅስ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ሞላም «እንዳትከፍቱ፣ ድምፁ ይባክናል» እያለ ነው።

ከዚያ አባዬ ከኪሱ የሚወዳትን ካሴት አወጣ። በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነች ናት፤ ስንት ዓመት ስንሰማት ኖረን ክራር እንዳለባት አናውቅም ነበር። ክራሩ እያንዳንዱ ጅማት ለብቻው ተለይቶ ከበሩ ውስጥ ወጣ። ከክራሩ በታች አንዲት ሴት ቀስ ብላ ስታጨበጭብ ትሰማለች። አባዬ መሪውን እንደያዘ ዓይኑ ረጠበ። እኔ መቀመጫዬ ላይ ቆሜ እስክስታዬን አቀለጥኩት። ውጭ በዝናብ የቆሙት የሱቁ ጎረቤቶች በዝግ መስታወት እያዩን ይስቃሉ።

በማግስቱ ከሐይቅ ስንወጣ አባዬ ይህችኑ ካሴት ከፍቶ ነበር። የአምባሰል ተራራ በፊታችን፣ የአምባሰል ቅኝት በበራችን፤ ተሳፋሪው ሁሉ በደስታ አንገቱን ያወዛውዛል። አባባ ከቦያቸው አፍ ላይ ቆመዋል። አባዬ ጠጋ ብሎ አቆመ፣ ቴፑን ዘጋ፣ የመስኮቱን ማዞሪያ ያዘ። መስታወቱ ትንሽ ወረደና «ቋ!» ብሎ ቆመ። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ ቋ! አራት ጣት የምታስገባ ክፍተት ብቻ ተገኘች። የዚያ ከባድ ማግኔት ጀርባ መስታወቱ በሚወርድበት መንገድ ላይ ተቀምጦበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። አባባ እጃቸውን አንስተው ክፍተቷን አዩና መልሰው አወረዱት። አባዬ በድንጋጤ በሩን ከፈተው። ቦታው ጠባብ ነው፤ በሩን ሲሸሹ የአባባ አንድ እግር ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ጎርፉም የላስቲክ ጫማቸውን ይዞት ሄደ። «በስመ አብ!» ብለው እትዬ ጥሩዬ ጮኹ። አንድ ወጣት ዘሎ ወርዶ ጫማውን እያሳደደ ያዘው። አባባ ባንድ እግራቸው ቆመው «አብሽሩ፣ አብሽሩ፣ ሂዱ በቃ» አሉን። በዚያን ዕለት ያለ ዱዓ ሄድን።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ዘዴ ያገኘ መስሎት ከመኪናው ወረደ። ነገር ግን የወሎ ሰው ከመኪና ከወረደ በኋላ በአጭሩ ሰላም ብሎ አይመለስም፤ ነውር ነው። ጉልበት ተሳመ፣ ትከሻ ተሳመ፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ ጎረቤቱ ተጠየቀ፣ የሰኔው ዘር እንዴት እንደያዘ ተጠየቀ። መኪናው ውስጥ ሰው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አባባ ይህን አዩና አባዬን በትከሻው ይዘው አዞሩት። «ይህን ሁሉ ሰው አስቀምጠህ እኔን ለመሳም ትወርዳለህ? ያንዱ ቀጠሮ ቢያልፍ፣ ያንዷ ገበያ ቢያመልጣት ሐቁን ማን ሊከፍለው ነው? እኔ በስተርጅና የሰው ሐቅ ተሸክሜ አልሞትም። ዱዓውን ቤቴ ሁኜ አደርጋለሁ፤ ለአላህ ሩቅ የለውም።» ከዚያን ቀን ወዲያ ከመንገዱ ዳር ጠፉ።

አባዬ ግን በየቀኑ እዚያች ቦታ ሲደርስ ያቀዘቅዛል፣ ጥሩምባውን አንዴ ነካ ያደርጋል፣ የተዘጋውን በር ያያል፣ ይሄዳል። ያን የመሰለ ስፒከር ተገጥሞ ቴፑን መክፈት እየረሳ መጣ። ወጣቶቹ ወደ እኛ ተመልሰው ነበር፤ ነባሮቹ ግን አጉረመረሙ። በዚያ ሰሞን የሆነው ክፉ ነገር ሁሉ የመስኮቱ ጥፋት ሆነ። ጎማ ሲፈነዳ «ዱዓ የለማ!» ተባለ። የእትዬ ጥሩዬ ጎመን ሳይሸጥ ሲመለስ «ዘፈንማ ከየትም ይገኛል፤ የሸሁን ዱዓ ሳልሰማ ገበያ አይቀናኝም» አሉ። የአንድ ሰውዬ ላም ስትነጥፍ እንኳ ሰውዬው አባዬን በጎሪጥ ነበር ያየው።

አንድ ጠዋት ታዲያ አባዬ እዚያው ቤት ፊት ለፊት አቁሞ «ሰዓዳ፣ ሩጪና አባባን ጤና ነዎት ወይ በያቸው» ብሎ ላከኝ። አባባ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በቆሎ እሸት ይጠብሱ ነበር። ትኩሱን ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ፤ ጣቴን እያቃጠለኝ በላሁ። «ለምን አይወጡም አባባ? አባዬ እኮ ዘፈን አይከፍትም አሁን» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «የኔ እመቤት፣ ዱዓውንማ አልተውሁም። ይህ እጄ ነው ያስቸገረኝ፤ ጠዋት ጠዋት የአባትሽን ራስ ይፈልጋል። ልጅ ሁኖ ስዳብሰው ኖሬ፣ ጢም ሲያበቅል ተውሁት። ጢም ያለው ሰው አይዳበስማ። መኪና ከያዘ ወዲህ ነው በዚያች መስኮት፣ በዱዓ አመካኝቼ፣ እንደገና ልጄን መዳበስ የጀመርሁ።»

እኔ ምሥጢር መሆኑን ምን አውቄ! ሮጬ ተመለስኩና መኪናው ሙሉ ሰው እየሰማኝ፣ በቆሎዬን እያላመጥኩ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። አባዬ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን አደግድገው «ተነሡ!» አሉ። «ማንን ከማን ሊያስታርቁ ነው?» ሲላቸው አንዱ፣ «ሐቁ የማን ነው? የኛ አይደለም እንዴ? እንግዲያ እኛው ይቅር እንበላ!» ብለውት ወረዱ።

እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም። ተሳፋሪው በሙሉ፣ ሕፃን ያዘለችውም ሳትቀር፣ በሚያካፋው ዝናብ አባባ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ቆመ። አባባ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሉ ማን ይሰማቸዋል። እትዬ ጥሩዬ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ አንቱ ሸህ ይማም፣ ለልጅዎ ብለን ብንጠብቅ ሐቃችንን ወደን፣ ፈቅደን ይቅር፣ አውፍ ብለናል፤ ይውጡልን!» አሉ። ሁሉም «አውፍ ብለናል!» አለ። አባባ ደስ ብሏቸው አንድ በአንድ አዩንና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላህ ያክብርልኝ። ዛሬ የተሳፈራችሁት አውፍ አላችሁ፤ ነገ የሚሳፈረውንስ ማን ጠይቆልኝ?» ይህን እንኳን እትዬ ጥሩዬ፣ የሸሪዓ ዳኛም ቢመጣ አይረታውም። ሰው ሁሉ ካፊያ ውስጥ ቆሞ ሳቀ፤ በቆሎ እሸት ተቆራርሶ በየእጁ ደረሰና ወደ መኪናው ተመለስን።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አባዬ መኪናዋን ሞላ ሱቅ በር ላይ አቆማት። ሞላ ስፒከሩን ለማዳን ያልሞከረው የለም፤ መስታወቱን ስለ ማሳጠር፣ በሩን ስለ መቅደድ አወራ፤ በመጨረሻ «ወንድሜ፣ ወይ መስኮቱ ወይ ድምፁ ነው» አለ። አባዬ ካሴቷን ከፈተና ክራሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ «የግራውን አውጣው» አለ። የቀኙ ግን ቀረ፤ በዚያ በኩል የሚቀመጥ ተሳፋሪ እንደሆነ ብርድ ይመታኛል እያለ መስኮት ከፍቶ አያውቅም። በሰፋው ቀዳዳ ላይ ሞላ ጣውላ አክብቦ የድሮውን ባለጉንፋን ስፒከር መልሶ ሰካው። የወጣው ትልቁ ስፒከር እቤታችን ገባ፤ በሳጥን ተገጥሞ ከእማዬ ሬዲዮ ጋር ተያያዘ። ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች ያለችው እማዬ ጎረቤት እስኪማረር ድረስ ታስጮኸው ጀመር።

በማግስቱ አባዬ ገና ከሐይቅ መናኸሪያ ሳንወጣ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው። ዝናቡ እጅጌውን አራሰው፣ የእኔንም ጉልበት አራሰው። ብርድ እንደ ጅብ የሚፈራው ተሳፋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ቻለው። ከአባባ ቤት ስንደርስ አባዬ ጥሩምባውን ነክቶ አልተወውም፤ ተጫነው። ክንዱን እስከ ትከሻው በመስኮቱ አውጥቶ ያውለበልባል። አባባ ደጃፋቸው ላይ ብቅ አሉ፣ ክንዱን አዩ፣ ቆሙ። ከዚያ ካፊያውን ምንም ሳይሉት መጡ። መጀመሪያ የመስኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ቀጥሎ እጃቸው ገባና አባዬ ራስ ላይ አረፈ።

አባባ ዱዓው ጠፋባቸው። እጃቸው ብቻ ከግንባሩ ወደ ማጅራቱ፣ ከማጅራቱ ወደ ግንባሩ ይመላለሳል። አባዬ፣ ባለጢሙ ሾፌር፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፍቷል። ጌታቸው ከኋላችን ደርሶ ጥሩምባውን ቢያንባርቅ እትዬ ጥሩዬ በሩን ከፈት አድርገው አንገታቸውን አስግገው «ጠብቅ! ሐቅህንም አውፍ በል!» ብለው ጮኹበት። አባባ በሳቅ ፈነዱ፤ ዱዓውም ያን ጊዜ መጣላቸው። ያን ቀን ያልነውን አሚን ጌታቸውም መኪናው ውስጥ ሆኖ ሳይሰማው አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት መኪናችን በቀኝ ጆሮ ክራር፣ በግራ ጆሮ ጉንፋን ስታሰማ ኖረች። ወጣቶቹ ገሚሶቹ ወደ ጌታቸው ተመለሱ፤ ገሚሶቹ ለቀኝ ወንበር እየተጋፉ ከእኛው ጋር ቀሩ።

አባባ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል። አባዬ መንዳት አቁሞ ሐይቅ፣ እቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፤ ዓርብ ዓርብ እየነዳሁ መጥቼ አየዋለሁ። የዛሬ መኪና ድምፁ ተሟልቶለት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፤ የኔዋ ስፒከሮቿ የት የት እንደተደበቁ እንኳ አላውቅም፤ መስኮቷም በጣት ጫፍ ይታዘዛል። ልሄድ ስነሣ አባዬ ከዘራውን ይዞ አጥሩ ድረስ ይወጣና እጁን አስገብቶ ራሴ ላይ ያሳርፋል። እሱ ዱዓ ሲያደርግ እንደ አባባ አያምርለትም፤ ይቸኩላል፣ ይደነቃቀፋል። «በይ ሂጂ፣ ሰው አታስጠብቂ» ይለኛል። «አባዬ፣ መኪናው ውስጥ እኮ እኔ ብቻ ነኝ!» እለዋለሁ፤ እጁ ትንሽ እንዲቆይልኝ ብዬ ነው። ወደ ኋላ ወንበር አየት ያደርግና ባዶ መሆኑ ገርሞት ይስቃል። ግን የለመደ አፉ አይተወውም፤ «ያሳፈርሽውን ሁሉ ለቤቱ ያብቃልሽ» ብሎ ይጨርሳል። ድሮ ለዚህች ቃል መኪናው ሙሉ ሰው ነበር የሚመልስላት። አሁን የምመልስላት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ የእነዚያን ሁሉ ተሳፋሪዎች ድርሻ ጨምሬ፣ መንገደኛው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ፣ አሚን እላለሁ።